ኮምፓስ አይዋሽም ያልኩ ዕለት

ይህን ነገር ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ለሚስቴ አልነገርኩም፤ ለወንድሞቼ አልነገርኩም፤ ጠጥቶ የሚለፈልፍ ሰውም ስላልሆንኩ በስህተት እንኳ አላመለጠኝም። በእኛ ሃይማኖት ሰው ጥፋቱን ለሰው አይዘረዝርም፤ የሸፈነውን አላህ ይሸፍንለታል ይባላል። ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን የነፍስ አባት አላቸው፤ ቢያንስ ጥፋታቸውን የሚነግሩት ሰው አላቸው። እኔ የለኝም። ስለዚህ እናንተን አንባቢዎቼን ያለ ፈቃዳችሁ ሾሜያችኋለሁ። ሹመቱ ደመወዝ የለውም፤ ንስሐ ስጡኝም አልልም። መስማት ብቻ ነው።

የተጠየቅኩት ሌላ ነገር ነበር። ቅዳሜና እሑድ ጦሳ ተራራ ላይ የሚወጡ ወጣቶች አሉ፤ ጫማቸው ውድ፣ ቦርሳቸው ውድ፣ ውኃ የሚይዙበት ኮዳ እንኳ ከእኔ ኮት የሚወደድ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ ደውላ «ጋሼ፣ የስልካችን ባትሪ ሲያልቅ መንገዱም አብሮ ያልቅብናል፤ በድሮው በካርታና በኮምፓስ እንዴት እንደሚኬድ ይጻፉልን» አለችኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ተቀምጬ ጀመርኩ። ካርታውን መሬት ላይ ዘርጉት። ኮምፓሱን ከላዩ አድርጉ። የካርታው ሰሜንና የመርፌው ሰሜን እስኪገጥሙ ካርታውን አዙሩት። አሁን ፊት ለፊታችሁ የቆመው ተራራ ወረቀቱም ላይ ፊት ለፊታችሁ ነው። የምትሄዱበትን አቅጣጫ በዲግሪ አንብቡ፤ በዚያ አቅጣጫ ላይ አንድ ዛፍ ወይም ቋጥኝ ምረጡ፤ እስከዚያ ሂዱ፤ እዚያ ስትደርሱ ሌላ ምረጡ። እዚህ ድረስ ጥሩ ሄድኩ። ቀጥሎ «ኮምፓሱ አጠገብ ብረት አታስጠጉ» ብዬ መጻፍ ነበረብኝ። አንድ ቀላል ዓረፍተ ነገር ነው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ፈጀብኝ። በመጨረሻ ለልጅቷ የሚሆናትን ገጽ ጨርሼ ላክሁላት፤ የተረፈኝ ይሄ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልከልክላችሁ። የእኔ ትውልድ ሰው ወጣትነቱን ሲያወራ ጥፋቱን ሁሉ ለደርግ ያሸክማል። ጓደኛውን የጠቆመም፣ የሰው ቤት የወረሰም፣ ሚስቱን የፈታም «ጊዜው ነው» ይላል። ደርግ የራሱ በቂ ወንጀል አለበት፤ የእኛን መጨመር አያስፈልገውም። እኔ ያደረግኩትን በንጉሡም ዘመን ቢሆን አደርገው ነበር። የደርግ ድርሻ የእኔን ትንሽ ክፋት ተቀብሎ ትልቅ ማድረግ ነው፤ ለእንዲህ ያለው ሥራ ቢሮው ሁልጊዜ ክፍት ነበር። ትንሿን ክፋት ይዞ የሄደው ግን እኔ ነኝ።

የበደልኩት ሰው አብዱ ይባላል፤ የልጅነት ጓደኛዬ ነው። አባቱ ሐጂ ሷሊህ ደሴ ሰኞ ገበያ አጠገብ የጨርቅ ሱቅ ነበራቸው። የሐጂ ሷሊህ አባት ከየመን በጀልባ መጥተው፣ እዚህ አግብተው፣ እዚሁ የተቀበሩ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ዐረብኛን የሚያውቀው ለሶላት ያህል ነው። ከተማው ግን ሲያሰኘው ወሎዬ፣ ሲያሰኘው ዐረብ ይላቸዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ «ዐረብ» የሚለው ቃል ሬዲዮ ላይ ጥሩ ዘመድ አልነበረውም፤ የሚጠራው ከጠላት ጋር ነበር።

እኔና አብዱ የትምህርት ቤቱ የጂኦግራፊ ክበብ አባላት ነበርን። ክበቡን ያቋቋሙት ቲቸር ታደለ የሚባሉ መምህር ናቸው፤ ቀጭን፣ ኮታቸው ሁልጊዜ ጠመኔ የነካው፣ ከማስተማር ይልቅ መራመድ የሚወዱ። እሑድ እሑድ ይዘውን ይወጣሉ፤ አንድ ጊዜ ጦሳ፣ አንድ ጊዜ ቦሩ ሜዳ። ለእያንዳንዱ ጉዞ ከቀበሌ ማኅተም ያለበት ፈቃድ ያወጣሉ፤ በዚያ ጊዜ ካርታ ይዞ ተራራ መውጣት ጠብመንጃ ይዞ ገበያ ከመውጣት ብዙም አይለይም ነበርና። «ሰው የቆመበትን ካላወቀ የሚሄድበትን አያውቅም» ይሉናል። የፖለቲካ ትምህርት አስተማሪያችን ይህን ሰምቶ ጥሩ መፈክር ነው ብሎ ግድግዳ ላይ አስጽፎታል። ቲቸር ታደለ ያን ግድግዳ ባለፉ ቁጥር ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

ካርታ ላይ የከፍታ መስመሮች አሉ፤ ቀጫጭን፣ ቡናማ፣ የተወሳሰቡ። ለእኛ የተተበተበ ክር ነበሩ። ለአብዱ ግን ተራራው ከወረቀቱ ተነሥቶ ይቆምለት ነበር። «ይማም፣ ከዚህ ሸንተረር ኋላ አንድ ሸለቆ አለ፤ ታጥፎ ነው የተኛው፤ ስንደርስ ታየዋለህ» ይለኛል። እንደርሳለን። ሸለቆው ታጥፎ ተኝቷል። ኮምፓሱን ለወጉ ያህል ያየዋል እንጂ በዓይኑ ነበር የሚሄደው። እኔ ደግሞ ቁጥር አንባቢ ነበርኩ። ዲግሪውን በትክክል እይዛለሁ፣ ዛፌን እመርጣለሁ፣ እደርሳለሁ። ተሳስቼ አላውቅም፤ ደስ ብሎኝም አያውቅም።

በዚያ ዓመት ከክበቡ አንድ ተማሪ ተመርጦ አዲስ አበባ ለካርታ ሥራ ሥልጠና እንደሚላክ ተነገረን። መራጩ ውድድር ነው። የሚላከው ልጅ ከብሔራዊ ውትድርና ይተርፋል ተባለ። እዚህ ላይ ማቆም እችል ነበር፤ «የወጣት ነፍስ ነው፣ ሞትን ፈርቶ ነው» ብላችሁ ትራሩልኝ ነበር። ግን ውሸት ነው። ውትድርናው ትዝ ያለኝ ኋላ፣ ምክንያት ስፈልግ ነው። ያቃጠለኝ ሌላ ነበር። ቲቸር ታደለ እኔ በትክክል ስደርስ «ጎበዝ» ይሉኛል። አብዱ ሲደርስ ግን ምንም አይሉትም፤ ዝም ብለው ፈገግ ይላሉ። ያን ፈገግታ ለእኔ አንድ ቀን እንኳ አላሳዩኝም። ሰው በፈገግታ ምክንያት ጓደኛውን ያጠፋል? እኔ አጥፍቻለሁ።

አሁን ወደ ክታቡ ልምጣ። ከአብዱ በፊት የተወለዱ ልጆች ሞተውባቸው ስለነበር እናቱ እትዬ ከድጃ ገና በአራስነቱ ክታብ አሰሩለት። ክታብ እንደ ወጉ በቆዳ ይሰፋል። እኛ ግን ቦርከና ወንዝ እየገባን ስንዋኝ ቆዳው እየራሰ ስለበሰበሰባቸው፣ ቆርቆሮ ሠሪ ዘንድ ሄደው የጣት ቁመት ያለው ወፍራም የብረት ቀፎ አሠሩለት። ክታቡ እሱ ውስጥ ሆኖ በገመድ ደረቱ ላይ ይንጠለጠላል። በፖለቲካ ትምህርት ሰዓት ክታብ የተገኘበት ልጅ የኋላ ቀር ልማድ ማሳያ ተብሎ ሰሌዳ ፊት ስለሚቆም፣ አብዱ ከሸሚዙ ሥር አድርጎ እስከ አንገቱ ይቆልፍ ነበር። ቲቸር ታደለ አያውቁም። ሌሎቹም አያውቁም። አብሬው የዋኘሁት እኔ አውቃለሁ።

ከውድድሩ በፊት በነበረው እሑድ ቦሩ ሜዳ ላይ እንለማመድ ነበር። አንድ ኮረብታ አሳዩንና አቅጣጫውን አንብቡ አሉን። ኮምፓስ በሁለት እጅ ተይዞ ደረት ላይ ተጠግቶ ነው የሚነበበው። አብዱ አነበበ። እኔ አነበብኩ። አልገጠምንም፤ ልዩነቱ ትንሽ አልነበረም። አጠገቡ ቆሜ ስለነበር አየሁት፤ ኮምፓሱን ወደ ደረቱ ሲያስጠጋ መርፌው እንደ መሽኮርመም ብሎ ዘወር አለ፤ ለእኔ ሲያቀብለኝ ተመለሰ። ወዲያው ገባኝ። በዚያች ቅጽበት የገባኝን ያህል ሌላ ነገር በሕይወቴ ፈጥኖ አልገባኝም።

«ምንድን ነው የኔ እንዲህ የሆነው?» አለኝ።

«እጅህ ተንቀጥቅጦ ይሆናል» አልኩት።

«ቁርስ አልበላሁም አቦ፤ እሱ ነው» ብሎ ሳቀ። አመነኝ። አብዱ ሰው ያምናል፤ ይሄ በሽታ ከአባቱ አልያዘውም።

ለምን አልነገርኩትም? ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነበር፤ «ክታብህ ብረት ነው» ማለት ብቻ ነበር። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ፣ ለነገሩ እሱ በዓይኑ ነው የሚሄደው፣ ኮምፓስ ምን ያደርግለታል አልኩ። ሰው ራሱን ሲያታልል ምንኛ ጥሩ ጠበቃ ይሆናል!

ውድድሩ የተደረገው በመጋቢት ነው፤ የበልጉ ዝናብ ሲያካፋ ሰንብቶ ነበር። ክበቡ የነበሩት ኮምፓሶች አምስት ስለነበሩ ለመጨረሻው የቀረነውም አምስት ነበርን። የጭነት መኪና ተለምኖልን ሐረጎ ጫፍ ላይ ወረድን። ሐረጎ ማለት ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድ ያለው ረጅም ቁልቁለት ነው። ከዚያ ጫፍ ተነሥተን አስፋልቱን ሳንረግጥ፣ ሸንተረሩን ቆርጠን፣ ኮምቦልቻ አፍ ላይ ያለው የቦርከና ድልድይ መድረስ አለብን። አንዱ ሄዶ ከዓይን ሲሰወር ሌላው ይለቀቃል። ቀድሞ መነሣት ስለማይጠቅም የሚቆጠረው የፈጀብን ሰዓት ነው።

ስንወርድ ጭጋግ ነበር። ሐረጎን የሚያውቅ የዚያን ቦታ ጭጋግ ያውቃል፤ የዘረጉት እጅ ይጠፋል። ቲቸር ታደለ ቆመው አዩትና «እናስተላልፈው ይሆን?» አሉ፤ ለራሳቸው ይመስል።

እኔ ነኝ የመለስኩላቸው። «ቲቸር፣ ጭጋግ ከሌለ ኮምፓስ ምን ይሠራል?»

ልጆቹ አጨበጨቡ። አብዱም አጨበጨበ። ጭጋጉን እኔ አልፈጠርኩትም፤ ግን ሳየው ደስ አለኝ። ተራራው ከተሸፈነ አብዱ ዓይኑን ያጣል፤ የሚቀረው ደረቱ ላይ የሚይዘው ኮምፓስ ነው። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የቀለድኩት።

ቲቸር ታደለ አንድ ከረጢት ዘርግተው ብረት የሆነ ነገር ሁሉ እንድናስገባ አዘዙን። ቢላዋ፣ ቁልፍ፣ የቀበቶ ዘለበት። አብዱ ቀበቶውን ፈቶ አስገባና ሱሪውን በሲባጎ አሰረ። «አብዱ፣ ሱሪህ ካንተ ቀድሞ ድልድዩ ይደርሳል!» አለ አንዱ፤ ተሳሳቅን። ቀበቶውን እንኳ የሰጠ ልጅ ክታቡን እንዴት ረሳው? አልረሳውም። ክታብ ለእሱ ዕቃ አልነበረም። ሰው ኪሱን ፈትሽ ሲሉት የጎድን አጥንቱን አይቆጥርም። እኔ ግን ቆጥሬለት ነበር። ከረጢቱ ፊቴ ሲደርስ ቁልፌን አስገባሁና አቀበልኩ።

አብዱ ከእኔ ቀድሞ ተለቀቀ። ጭጋጉ ዋጠው። ትንሽ ቆይቶ እኔ ተከተልኩ፤ ዲግሪዬን ይዤ፣ ከአንዱ ቁጥቋጦ ወደ ሌላው ቁጥቋጦ። ግማሽ ያህል እንደወረድኩ ሰው በርቀት መንዙማ ሲያንጎራጉር ሰማሁ። አብዱ ብቻውን ሲሆን ያንጎራጉራል። ድምፁ የመጣው ከግራዬ ነው። ከእኔ በፊት በዚያው መስመር የሄደ ሰው ከፊቴ ነው መሰማት ያለበት። ቆምኩ። ጭጋግ ውስጥ ድምፅ ጥሩ ይሄዳል፤ «አብዱ!» ብል ይሰማኝ ነበር። በግራ በኩል ያለው ሸንተረር የት እንደሚወርድም አውቃለሁ፤ የጦሩ የነዳጅ ማከማቻ አጥር ላይ ነው። ካርታችን ከተሠራ በኋላ የተሠራ ስለሆነ ካርታው ላይ የለም፤ መኖሩን ግን የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከመስመራችን ሩቅ ስለነበር ማንም አልሰጋም። አጥሩ ጋ ሳይደርስ ይነቃል ብዬ አሰብኩ። ድምፁ እየራቀ ሄደ። ሲጠፋ መንገዴን ቀጠልኩ።

ድልድዩ ጋ ከሁሉም ባነሰ ሰዓት ደረስኩ። ቲቸር ታደለ በመኪና ቀድመውን ወርደው ነበር፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው «ጎበዝ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ተራራው አዩ። ሌሎቹ አንድ በአንድ መጡ። አብዱ አልመጣም። ጭጋጉ ተገልጦ ፀሐይ ወጣች፤ አልመጣም። ከሰዓት በኋላ አንድ ወታደር በእግሩ መጥቶ «የናንተ ሰው አለ?» ሲል የቲቸር ታደለ ፊት ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ስላላየሁት። መሬት መሬት እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ቲቸር ታደለና እኔ ኮምቦልቻ ተጠራን። እሳቸው እንደ ኃላፊ፣ እኔ ውድድሩን ያሸነፍኩ ስለሆንኩ እንደ አዋቂ። የተቀበለን አንድ መቶ አለቃ ነው፤ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን መናገር አለብኝ። ሥራውን የሚሠራ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ላይ አብዱ የተያዘበት ነገር ሁሉ ተዘርግቷል፤ በእርሳስ መስመር የተሠመረበት ካርታ፣ ኮምፓሱ፣ የጫማ ክሮቹ፣ ሱሪውን ያሰረበት ሲባጎ፤ ጥግ ላይ ደግሞ ክታቡ በብረት ቀፎው ውስጥ እንዳለ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ መቶ አለቃው ክታቡን በብዕሩ እየነካ።

«ክታብ ነው፣ ጓድ መቶ አለቃ» አሉ ቲቸር ታደለ። እሳቸውም ገና ያን ጊዜ ነው ያዩት፤ ግን ከፍርሃታቸው የተነሣ ብረት መሆኑን አላስተዋሉም።

«ካርታም ይዟል፣ ክታብም ይዟል! አንዱ ካልሠራ በአንዱ ነው?» ብሎ ብዕሩን መለሰ።

ቲቸር ታደለ ፈቃዳቸውን አወጡ፤ ማኅተሙን አሳዩ፤ ጭጋግ ነበር አሉ፤ ልጁ ጠፍቶ ነው አሉ። መቶ አለቃው እስከ መጨረሻው ሰማቸው። ከዚያ «ለሌሎቹ ጭጋግ አልነበረም?» አለ። «አንድ ተራራ፣ አንድ ካርታ፣ አንድ ዓይነት ዕቃ። አራቱ ድልድዩ ላይ ወጡ። እሱ ብቻ የእኛ አጥር ላይ ወጣ። ያውም የ…» ብሎ ተወው። የተወው ቃል ምን እንደሆነ ክፍሉ ውስጥ ያለን ሁላችን እናውቃለን።

ኮምፓሱን አንሥቶ ጠረጴዛው መሐል አስቀመጠው። አዞረው። መርፌው ተወዛውዞ ሰሜንን ያዘ። ሌላ ወታደር ጠርቶ ሰሜን የት ነው አለው፤ ወታደሩ በእጁ አሳየ። ልክ ነው። መቶ አለቃው ወደ እኔ ዞረ።

«አንተ ነህ ያሸነፍከው?»

«አዎ።»

«ይሄ ዕቃ ይዋሻል?»

አሁን ጠረጴዛውን ልብ በሉልኝ። ኮምፓሱ መሐል ነው። ክታቡ ጥግ ላይ ነው። በመካከላቸው ከአንድ ክንድ አይበልጥም። ክታቡን አንሥቼ ኮምፓሱ አጠገብ ባስቀምጠው መርፌው በሁሉም ፊት ዘወር ይል ነበር። ምስክር አያስፈልግም፤ መሐላ አያስፈልግም፤ ፖለቲካ አያስፈልግም። መቶ አለቃው ራሱ ይስቅ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሚያስፈልገው እጄን መዘርጋት ብቻ ነበር። ግን እጄን ብዘረጋ ቲቸር ታደለ «መቼ አወቅክ?» ይሉኛል።

«አይዋሽም» አልኩ።

ይሄ አልበቃኝም። ሳልጠየቅ ጨመርኩ። «አብዱ ከሁላችንም በላይ ካርታ ያውቃል» አልኩ። እውነት ነው። ከተናገርኩት ሁሉ ይሄ ብቻ ነው እውነቱ፤ ያሰረውም ይሄ ነው። መቶ አለቃው ብዕሩን አነሣና «ከሁላችሁም በላይ» እያለ ጻፈ። ጓደኛዬን አመስግኜ አሳሰርኩት። እኔ ቃላት ላይ ጎበዝ የሆንኩት ያን ዕለት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የጻፍኩት ሁሉ የዚያ ልምምድ ይመስለኛል።

አብዱ ሁለት ክረምት ታሰረ። ደበደቡት ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። እኔ ስንቅ አመላላሽ ነበርኩ። ወደ አዲስ አበባ እስክሄድ ድረስ በየዓርቡ ከእትዬ ከድጃ ጋር ምግብ ይዤ እሄድ ነበር። ሌላው ሰው ያን ቤት ይሸሽ ነበር፤ የዐረብ ሰላይ ቤት ነዋ! እትዬ ከድጃ እጄን ይዘው «አብሽር ልጄ፤ አንተን የሰጠኝ ጌታ ምስጋና ይግባው። ሁሉም ሲሸሽ አንተ ቀረኸን፤ አላህ የልብህን ይሙላልህ» ይሉኝ ነበር። አላህም ሞላልኝ፤ ሥልጠናውን አገኘሁ። አካባቢው እስከ ዛሬ ታማኝ ጓደኛ ሲፈልግ የሚጠቅሰው እኔን ነው።

የእናትየው ምርቃት ከብዶኛል፤ የአባትየው ጥያቄ ግን ይበልጣል። አብዱ እንደታሰረ ሰሞን ሐጂ ሷሊህ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ አስቀመጡኝ። ቆጠብ ያሉ፣ ሲናገሩ ጨርቅ የሚለኩ የሚመስሉ ሰው ነበሩ።

«ይማም፣ አንተ ልጄ ነህ» አሉኝ። «እኔ ይሄን ትምህርት አላውቀውም። ይሄ ኮምፓስ የምትሉት ሰው ያጠፋል?»

«አያጠፋም ሐጂ።»

«አብዱስ? አይችልበትም ነበር?»

«ከሁላችንም ይበልጥ ነበር።»

«እንግዲያ አውቆ ነው የሄደው» አሉ። «አውቆ የሄደበት ነገር አለ፤ ለእኔ ግን አልነገረኝም።»

አላረምኳቸውም። ሰውየው ልጃቸው በመታሰሩ አልነበረም የተሰበሩት። ከመንግሥት ጋር የሚያጣላ ነገር ውስጥ ገብቶ፣ ቤተሰቡን ሁሉ አደጋ ላይ ጥሎ፣ አባቱን አላመነም ብለው ነው። ሲፈታ ተቀበሉት፣ በግ አረዱለት፣ ግን አላመኑትም። «ወላሂ አባዬ፣ ጠፍቼ ነው!» ሲላቸው «ወላሂን ተዋት፤ እሷን ለእውነት አስቀምጣት» አሉት፤ እኔ ከአዲስ አበባ ልጠይቀው መጥቼ እዚያው ተቀምጬ ነበር። አብዱ ወደ እኔ አየ፤ ይማም ያውቃል፣ ይማም ይመስክርልኝ የሚል አስተያየት ነበር። ሱቁ በወጉ ለበኩር ልጅ ነው የሚሆነው። ሐጂ ሷሊህ ቁልፉን ለታናሹ ለፉአድ ሰጡ። አብዱ ልብሱን ሸክፎ ኮምቦልቻ ወረደ፤ የከባድ መኪና መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ዘንድ ተቀጠረ፤ ኋላም የራሱን ከፈተ።

ዛሬም እዚያ ነው። ደህና ነው፤ ቤተሰብ መሥርቷል፤ ቀልደኛ ነው። ነገር ግን መንገድ የሚጠይቀው ሰው ሲመጣ «እኔን አትጠይቀኝ ወንድሜ፤ እኔ ከቤቴ እስከ መስጊድ ካልሆነ አልታመንም» ይላል። ሰው ይስቃል። ሴት ልጁ መሬት ቅየሳ ልማር ስትለው «በእኛ ዘር አቅጣጫ የለም፤ ሌላ ምረጪ» አላት፤ ሌላ መረጠች። ተራራ ከወረቀት ተነሥቶ ይቆምለት የነበረ ሰው ነው ይህን የሚለው። አጥሩ ላይ የወጣው በራሱ ድንቁርና መሆኑን ከልቡ አምኗል። ነፃነቱን ሁለት ክረምት ወስጄበታለሁ፤ ይሄኛውን ግን እስከ ዛሬ ድረስ ይዤበታለሁ።

ይህን ጽፌ ለማተሚያ ከመስጠቴ በፊት ኮምቦልቻ ወረድኩ። እሱ ሳይሰማ እናንተ ብትሰሙ ሌላ ስርቆት ይሆናል አልኩ፤ ደግሞም አብዱ እኔ የምጽፈውን አያነብም፤ «ያንተ ነገር ይከብደኛል፤ ዙሪያ ጥምጥም ነው» ይለኛል። ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ነገርኩት። ሳልዞር ነገርኩት። ክታቡን፣ ቦሩ ሜዳን፣ ከጭጋጉ ውስጥ የሰማሁትን ድምፁን፣ ጠረጴዛውን። በመካከል አንድ ሾፌር ፍሬን ሸራ ፈልጎ መጣ፤ አብዱ ተነሥቶ ሸጠለት፣ መረቀው፣ ተመልሶ ተቀመጠ። «እሺ» አለኝ። ቀጠልኩ።

ስጨርስ ይጮህብኛል ብዬ ነበር፤ እንዲጮህ እፈልግም ነበር።

«አባቴ» አለ። «አባቴ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ኖረ?»

የእሱ አባት ናቸው፤ እሱ ነው የሚያውቀው። ግን እኔን ነው የጠየቀኝ።

«እንጃ» አልኩት። «በትክክል አላውቅም።»

«አታውቅም» አለ። ተነሥቶ መደርደሪያው ላይ ያለውን ዕቃ ማስተካከል ጀመረ፤ ጀርባውን ሰጥቶኝ። «በል ይማም፣ ሚኒባስ ሳያልቅብህ ሂድ።»

ሄድኩ። ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የእናንተ አይደለም። ከእሱም አልጠየቅኩም፤ ጠይቄው ቢሆን ኖሮ ደግ ስለሆነ ይሰጠኝ ነበርና ዳግመኛ እዘርፈው ነበር። ሊሰጡኝ ወይም ሊነሱኝ የሚችሉት ሐጂ ሷሊህ ነበሩ። ልጃቸው ከእስር ከወጣ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረዋል፤ ደርግም ወድቆ አይተዋል፤ ማንንም የማልፈራበት ጊዜ ሲመጣ እሳቸው በሕይወት ነበሩ።

ለአብዱ አላውቅም ያልኩትም ውሸት ነው። አውቃለሁ። ዒድ በመጣ ቁጥር እዚያ ቤት እሄድ ነበር። ሐጂ ሷሊህ አጠገባቸው ያስቀምጡኛል፤ ሥጋውን በእጃቸው እየመረጡ ወደ እኔ ይገፉልኛል። አብዱ በሩ አጠገብ፣ ከእንግዶቹ ጋር ይቀመጣል። እኔም እበላለሁ። ሰውየው እስከሞቱ ድረስ አንድም ዒድ አልቀረሁም።